በሦስቱ ዓምዶች ያልገባ ሰው

ጋምቤላ ክልል በሆነች ማግሥት፣ ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ በመምህርነት ተመደብኩ። ብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች ከወንበር በፊት ማኅተም አግኝተው ነበር፤ እኔም ከልምድ በፊት ማብራሪያ ነበረኝ። የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች የጥምቀት ትምህርቱንና ቃለ ጉባኤውን ሲሰጡኝ አልተገረምኩም።

ከጥምቀት ተማሪዎቼ አንዱ ድንበር ማዶ ሲዋጋ የኖረ ኑዌር ነበር። ሚስቱና ልጆቹ ተጠምቀዋል፤ እሱ ግን ሁለት ጊዜ ጠይቆ ተከልክሏል። በወገኖቹ ልማድ ሰው የገደለ፣ ሽማግሌ ክንዱን በጥቶ ደም እስኪያፈስለት ድረስ ውሃ አይቀምስም። እሱም ተበጥቷል። ሽማግሌዎቻችን የያዙበት መግደሉን ሳይሆን መበጣቱን ነበር፤ “ባዕድ አምልኮ ነው” ብለው።

ነገሩን በሥርዓት ልፈታው ተነሣሁ። ከትምህርት ቤት ሰሌዳ ተሸክሜ መጥቼ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ ክርስቲያን ፈጽሞ አይገድልም፤ ለፍትሕ ከሆነ ይገድላል፤ ይገድላል፣ ግን ንስሐ እስኪፈጽም ከቁርባን ይርቃል። ሦስቱንም የሚሉ የጥንት አባቶች እንዳሉ አስረዳሁ። ሦስተኛውን ማንም አልወደደውም።

ዋናው ሽማግሌ፣ ከደገኛ ሰፋሪዎች አንዱ፣ ሁለተኛው ላይ ጣቱን አሳረፈ። “በጦርነት መግደል ግዳጅ ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም። ታዲያ ከምን ልትነጻ ተበጣህ? ተሳስቻለሁ በልና ተጠመቅ።”

“የገደልኩትን ሰው አየሁት” አለ ኑዌሩ። “ጥርሱን አየሁ። አንተስ ወታደር ነበርክ?” አማርኛን የተማረው ከወታደሮች ስለሆነ ሁሉንም አንተ ይል ነበር።

“ነበርኩ። መድፈኛ።”

“ሰው ገደልክ?”

“ከሩቅ ነው የምንተኩሰው። የት እንደሚያርፍ በምን አውቃለሁ?”

“ከዚያ ውሃ ጠጣህ?”

“ጠጣሁ እንጂ! ሐሩር ነበር።”

ሰውየው ከልቡ ደነገጠ። “ማንም አልነገረህም?”

ዝምታ ሲፈጠር ማስተማር ልማዴ ነው። “ከሩቅ መተኮስ” አልኩ፣ “በሁለተኛው ዓምድ ሥር ንዑስ ክፍል ሊሆን...”

“መምህር፣ ተቀመጥ” አለኝ መድፈኛው። ግንባሩን በመሐረብ ጠረገና “እሑድ ይጠመቅ” አለ።

“ምክንያቱን በየትኛው ዓምድ ልመዝግብ?”

“ሰሌዳህን አጥፋ!”

እሑድ ባሮ ወንዝ ውስጥ ተጠመቀ፤ ሚስቱ ዳር ቆማ እልል አለች። ከዚያ ቅዱስ ቁርባን ነበር። ጽዋው ሲዞር መድፈኛው ሳይቀምስ ለአዲሱ ምእመን አሳለፈው። ኑዌሩ ጠጣ፤ ወደ ሽማግሌው ጆሮም ጠጋ አለ። ከኋላቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

“አይዞህ፣ አልረፈደም። የሚበጣው ሽማግሌ ኢታንግ ከተማ ነው ያለው፤ እኔ እወስድሃለሁ።”

መድፈኛው ሳቀም፣ ተቆጣም አልልም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ቀረ። እኔ በቃለ ጉባኤው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ “ሁሉም ምእመናን ተካፍለዋል” ብዬ አሰፈርኩ።