ገመድ የሌለው ማጨጃ

የጓሯችንን ሣር የማጭደው እኔ ነበርሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ቤተ ዘመዱ ሁሉ "ሣሩን እንግዲህ ማን ያጭደዋል?" እያለ ሲጨነቅ፣ ከዚያ በፊት ሣሩ ራሱን በራሱ ያጭድ የነበረ ይመስል ስለነበር ነው። ክፋር ማርሞሬክ በሚባለው ሰፈር ዳር ያችን አሮጌ ቤት በማሽካንታ፣ በባንክ ብድር ማለቴ ነው፣ ስንገዛት የቀድሞዋ ባለቤት አንዲት የቤንዚን ማጨጃ ከቤቱ ጀርባ ባለችው የዕቃ ክፍል ትታልን ሄደች። ባሌ ፋብሪካ ውሎ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ከመቀመጥ ሌላ አያምረውም። ስለዚህ ማሽኗን እኔ ተማርኋት። ዓርብ ዓርብ ከምሳ በፊት የማስነሻ ገመዷን በአንድ ጊዜ መንጭቄ አስነሣትና ከሎሚው ዛፍ እስከ አጥሩ እየተመላለስሁ እገፋታለሁ። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ስለነበርሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ የልጆች ለቅሶ ሲሰማ የከረመው ጆሮዬ በዚያ ጩኸት ውስጥ ያርፍ ነበር።

በፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ፣ ዝናብ በገባ ሰሞን፣ ቀኝ ጡቴ ውስጥ እብጠት አገኘሁ። ሐኪሞቹ ጡቴን ከብብቴ እጢዎች ጋር ቆርጠው አወጡት። ከዚያ መድኃኒቱ ተከተለ፤ ጠጉሬ ረገፈ፣ ጣዕም ከአፌ ጠፋ። ቤታችን ውስጥ ግን የበሽታው ስም አልተጠራም። ሰው ሲጠይቅ ባሌ "ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ደኅና ናት" ይላል። እኔን ለማስታመም ከእኛ ጋር የከረሙት የባሌ ታላቅ እህት፣ እታለም የምላቸው፣ "ብርድ ነው የመታት" ይላሉ። እኔም ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ ዝም እላለሁ። የታመምሁት እኔ ሆኜ ሳለ አንድ ነገር ያጠፋሁ ያህል አፍር ነበር።

ፋሲካ አልፎ ሙቀቱ ሲጀምር ሣሩ ጉልበቴ ደረሰ። እጄን የምታሠራኝ የክሊኒኩ ሴትዮ እንዳያብጥ ብላ ከመዳፌ እስከ ትከሻዬ የሚደርስ ጥብቅ እጅጌ አልብሳኝ ነበር። "በዚህ እጅ ከባድ አታንሺ፤ በኃይልም አትሳቢ፤ ቀስ ብሎ መግፋት ግን ይፈቀድልሻል" ብላኛለች። እኔ ይዤ የሄድሁት የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ባሌ ሥራ፣ እታለም ገበያ እንደ ሄዱ ማጨጃዋን አወጣኋት። ገመዱን በግራ እጄ ሳብሁት። ማሽኗ ተንከባልላ ወደ እኔ መጣች እንጂ አልተነሣችም። በእግሬ ረግጬ ያዝኋትና ደግሜ ሳብሁ። ስድስት ሰባት ጊዜ ሞከርሁ። በመጨረሻ ንዴቴ አሸነፈኝና በሁለት እጄ ስመነጭቀው ከብብቴ እስከ ክርኔ እሳት የሄደብኝ መሰለኝ። ሣሩ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥሁ። እታለም ከነዘንቢላቸው የደረሱት ያን ጊዜ ነው።

"ምን ልትሆኚ ነው አንቺ? እግዜር ያተረፈሽን ነፍስ በሣር ልትገብሪ?"

"ደኅና ነኝ፣ እታለም፤ አይጮኹብኝ።"

"እጮኻለሁ! ያ ልጅ ይምጣ፣ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።"

ያ ልጅ የሚሉት አምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ባሌን ነው። ነገሩትም። እሱ አልተቆጣኝም፤ የሚብሰውም ይኸው ነበር። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከክሊኒክ ስመለስ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ጓሯችን ውስጥ ሜትር ዘርግቶ አገኘሁ።

"ለምንድን ነው የምትለካው?" አልሁት በዕብራይስጥ።

"ለንጣፍ። ባለቤትሽ ጠርቶኝ ነው። ሣሩ ይነሣና ሁሉም ሸክላ ይሆናል፤ ከእንግዲህ ምንም ሥራ የለብሽም።"

ያ "ምንም ሥራ የለብሽም" የሚለው ቃል ደረቴን መታኝ። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ወጥቻለሁ። ወጥ ቤቱን እታለም ወስደውታል። ልብሱን የምታሰጣው ልጄ ናት። የቀረችኝ ይህችው ጓሮ ነበረች፤ እሷም ልትከደን ነው። ሰውዬውን ሜትሩን እንዲሰበስብ ነገርሁት። ባሌ ቀድሞኝ ከሥራ ገብቶ ነበርና ሊጠራው ወደ ቤት ሊገባ ሲል በሩ ላይ ቆምሁ።

"የዚህ ቤት ወረቀት ላይ ስሜ አለ። እኔ ካልፈረምሁ አንድ ሸክላ አትጥልም።"

ሰውዬው ባሌን በመስኮት አየው፤ ባሌ ከውስጥ ሆኖ በእጁ ሂድ አለው።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ከማርሞሬክ ወደ ከተማ በአውቶቡስ ስሄድ፣ ሻዓራይም በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ምኵራብ ፊት ለፊት አንድ ሰው ሣር ሲያጭድ በመስኮት አየሁ። አውቶቡሱ መብራት ይዞት ቆሟል፤ መስኮቱ ክፍት ነው፤ የማሽኑ ጩኸት ግን አይሰማም። እንደ ንብ እዝ ከማለት በቀር ድምፅ የለውም። በሚቀጥለው ፌርማታ ወርጄ ወደ ኋላ ተመለስሁ። የክሊኒክ ቀጠሮዬን በዚያው አሳለፍሁት።

"ገመዱ የታል?" አልሁት ሰውዬውን።

"የምን ገመድ? በባትሪ ነው የሚሠራው።" ማስነሻውን አሳየኝ፤ አንዲት ቁልፍ፣ አንዲት አዝራር፣ ከእጀታው ጋር የሚጨበጥ ብረት። አጠፋና "ሞክሪው" አለኝ። በግራ እጄ አዝራሩን ተጫንሁ፣ ብረቱን ጨበጥሁት፣ ማሽኑ ተነሣ። ብረቱን ስለቀው ቆመ። ሦስት ጊዜ አስነሥቼ አቆምሁት። ሰውዬው ምን እንደሚያስቀኝ አልገባውም።

ባሌን እንዲወስደኝ ለመንሁት ማለት ውሸት ነው፤ "ነገ ማጨጃ ልገዛ ነው፤ ትነዳልኛለህ ወይስ በአውቶቡስ ልሸከመው?" አልሁት። ከከተማው ዳር፣ ጋራዦቹ ካሉበት፣ የአትክልት ዕቃ ወደሚሸጥ ሱቅ ሄድን። ሻጩ ራሰ በራ፣ መነጽሩን በአንገቱ ያንጠለጠለ ሰው ነበር። እኔ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ለባሌ ይመልሳል።

"በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራውን ውሰድላት፤ እሱ አይቸግርም" አለው።

"ጓሮዬ ውስጥ አራት ዛፍ አለ" አልሁ። "ገመዱ ሲጠመጠም እውላለሁ፤ አንድ ቀንም እቆርጠዋለሁ። ባትሪ ነው የምፈልገው።"

የባትሪ ሁለት ዓይነት ነበረው። አንደኛው ሰፊና ብርቱ፤ ባትሪው እንደ መኪና ባትሪ ያለ፣ ከባድ። ሁለተኛው አዲስ የመጣ፣ ጠባብ፣ ባትሪው በአንድ እጅ ተነቅሎ ቤት ውስጥ ቻርጅ የሚደረግ። ሻጩ የወደደልኝ ትልቁን ነው። ወደ እሱ ሄድሁና በግራ እጄ ላነሣው ሞከርሁ። ከመሬት አልተላቀቀም።

"ጌቨሬት፣ ማጨጃ ይገፋል እንጂ አይነሣም" አለኝ እየሣቀ፤ ጌቨሬት እመቤት ማለት ነው።

"ከዕቃ ክፍሌ እስከ ሣሩ ሁለት ደረጃ አለ። አነሣዋለሁ።"

"ባልሽ ያነሣልሻላ! እሱ ምን ይሠራል?"

ባሌ ፈገግ ሊል ሲጀምር አየሁት። እንዲያው ሻጩን ደስ እንዲለው ያህል ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ለወራት የዋጥሁት ሁሉ ወደ አፌ መጣ። የቀሚሴን እጅጌ ገልጬ ጥብቁን እጅጌ አሳየሁት። በጠራ ዕብራይስጥ፣ ከኋላዬ ወረፋ የቆሙት ሁለት ሰዎች እስኪሰሙ ድረስ እንዲህ አልሁ፦

"ካንሰር ነበረብኝ። ቀኝ ጡቴን ቆርጠውታል። በዚህ እጅ መሳብና ከባድ ማንሣት አልችልም። በዚህኛው እችላለሁ። እኔ ሣር በማጭድበት ሰዓት ባሌ ሥራ ላይ ነው። አሁን ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ንገረኝ፤ ትንሹ ማሽን ሣር ይቆርጣል ወይስ አይቆርጥም?"

ባሌ በመደዳ የተደረደሩትን የዘር ፓኬቶች ማንበብ ያዘ። ሻጩ መነጽሩን አደረገና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ። አዝኖ ከንፈሩን ቢመጥ ኖሮ ጥዬ እወጣ ነበር፤ እሱ ግን ትንሹን ማሽን ከነባትሪው አነሣና "ኑ፤ ከኋላ ሣር አለ" አለ።

ከሱቁ ጀርባ ማንም የማያየው ያልታጨደ ሣር ነበር። ባትሪውን ራሴ አስገባሁት። አጭር በሆነበት በኩል ምላጭ እንደ ነካው አደረገው። ረጅሙ ጋ ስደርስ አቃሰተና ቀጥ አለ። ባሌ "ይኸው" አለ።

ሻጩ ግን ራሱን ነቀነቀ። "አልዋሽሽም። ረጅም ሣር አይችልም። በየሳምንቱ ለሚያጭድ ሰው ነው የተሠራው። ደግሞ በአንድ ቻርጅ የምትዪውን ጓሮ ሁሉ ላይጨርስ ይችላል።"

"በየሳምንቱ አጭዳለሁ" አልሁት። በግራ እጄ አንሥቼ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞርሁ። እስክጨርስ አላስቀመጥሁትም።

ማሽኑን ገዝተን መኪናው ላይ ጫንን። መስቀለኛው መንገድ ላይ ስንቆም ባሌ "ያንን ነገር እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማውጣት ነበረብሽ?" አለኝ።

"የወጣው እኮ ከእኔ ገላ ነው፤ ከአንተ አይደለም።"

"ሰው ምን ይላል ብዬ እንጂ..."

"ታመመች ይላል። ታምሜ ነበራ! አንተ ግን የሰረቅሁ አስመሰልኸኝ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ያሉት ጥሩምባ እስኪያጮኹብን አልተንቀሳቀሰም። "እንድትሞቺ ስለፈራሁ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ስሙን ከጠራሁት የሚመጣ መስሎኝ።" ይህን ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። እጄን ጉልበቱ ላይ አኖርሁ።

ዓርብ ጠዋት ከሥራ ቀረና ማጭድ ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ ያን ረጅም ሣር እየጨበጠ ያጭድ ጀመር። ከአገራችን ከወጣን እንዲህ ጎንበስ ሲል አላየሁትም። እታለም እያጉረመረሙ ክምሩን ሰበሰቡ። ሲጨርስ ወገቡን ይዞ ቀና አለና "ያላ፣ በይ እንግዲህ፣ ተራሽ ነው" አለኝ።

ሁለቱን ደረጃ ማሽኑን በግራዬ ይዤ ወረድሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ እኔው አደረግሁ። ጥብቁ እጅጌ ውስጥ እጄ በላብ ራሰ፤ እየገፋሁ፣ እየቆምሁ፣ እየገፋሁ ሄድሁ። ከጓሮው ሢሶው ሲቀር ባትሪው አለቀ። ሰንበት እየቀረበ ነበር። እታለም "ይህን ነገ ለሚመጣ እንግዳ እንዲህ እንተወዋለን? እሱ በማጭድ ይጨርሰው" አሉ።

"ማንም አይነካውም" አልኋቸው። "እሑድ እኔ እጨርሰዋለሁ።"

በሰንበት ዘመዶች መጡ። ያን አንዱ ወገን የተላጨ፣ አንዱ ወገን የተንጨፈረረ ጓሮ አይተው ሣቁ። አንዲት የባሌ አጎት ልጅ ሚስት "ምነው እንዲህ ሆነ?" አለች። እታለም "ትንሽ ብርድ..." ብለው ሲጀምሩ ባሌ አቋረጣቸው። "ካንሰር ነበረባት" አለ። "ጡቷን አውጥተውላታል። ሣሩን የምታጭደው እሷ ናት፤ ባትሪው አልቆባት ነው።" ሽማግሌዎቹ "ይማርሽ፣ ይማርሽ" አሉና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ሰማይ አልተደፋም።

ሲሄዱ ያችው የጠየቀችኝ ሴት በር ላይ ወደ ኋላ ቀረች። ግራ ቀኝ አየችና "ለእኔም እኮ እዚህ ጋ አለ" አለች፤ እጇ በቀሚሷ ላይ ጡቷን ይዞ ነበር። "ከሱኮት፣ ከዳሱ በዓል ጀምሮ። ለማንም አልነገርሁም።"

እሑድ ጠዋት ሣሩን አላጨድሁም። ከእሷ ጋር በአውቶቡስ ክሊኒክ ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ የቦርሳዋን ማንገቻ ስትጠቀልልና ስትፈታ ቆየች። "አደራሽን፣ ለማንም እንዳትነግሪ" አለችኝ።

"እኔ አልነግርም" አልኋት። "የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ዛሬ ለሐኪሙ፣ ነገ ለባልሽ።"

ተቆጣችኝ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስሟ ሲጠራ ግን እጄን ይዛ ተነሣች። ከጥቂት ሳምንታት ምርመራ በኋላ ክፉ ነገር አለመሆኑ ታወቀ። ከዚያም ለእናቷ፣ ለእህቶቿ፣ ለምኵራቡ ሴቶች ሁሉ ተናገረችው፤ እንደ እሷ እብጠት የደበቁ ሌሎች ሁለት ሴቶችም ስልክ ደወሉልኝ።

የቀረውን ሣር ያጨድሁት ክሊኒክ በሄድንበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ነው።