ካሜራ ፊት የተዘቀዘቀ ነጠላ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሜሮን ከስብሰባ ወጥታ ኦሎምፒያ ያለው ቤቴ ጎራ አለች። መንግሥት የአገራችንን ፊልም ሊደግፍ፣ የረጅም ጊዜ እቅድም ሊያወጣለት ነው አለችኝ። የያዘችውን የእቅድ ወረቀት አስነበብኳትና "የተሠሩትን ፊልሞችስ ማነው የሚያስቀምጣቸው?" አልኳት።

ሳቀች። "እማማ ደግሞ፣ በቃ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ነው የሚጀምሩት!"

ምን ታድርግ፤ እኔ መንግሥት ለፊልም ሲያቅድ ያየሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ያውም የጣሊያን መንግሥት።

የምንኖረው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ መንገድ ዳር የሽምብራ እሸት ይሸጣል። ጣሊያኖች በኋላ ካዛንቺስ በተባለው ሰፈር ለሹሞቻቸው ቤት ሠርተው ነበርና፣ ምረቃው ፊልም ሲነሳ የሰፈሩ ሴቶች በክት ልብሳችን ወጥተን እልል እንድንል ታዘዝን። ትእዛዙን ያመጣው ጎረቤታችን አስተርጓሚው አቶ ወልዴ ነው። ባንዳ ነው እያልን ሰላምታውን እንኳ በግማሽ አፍ ነበር የምንመልስለት።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ካሜራ የሚሉት ሣጥን ሰውን እንዴት ይውጣል? የተነሳውስ የት ይሄዳል? አቶ ወልዴ ላይ ጥያቄ አዘነብኩበት። እሱም ሳይሰለች መለሰልኝ፤ ጣሊያን ለፊልም ብቻ የቆመ መሥሪያ ቤት አለው፣ ባጀት አለው፣ የተነሳው ሁሉ ሮም ይቀመጣል፣ የልጅ ልጅ እንዲያየው ታስቦ ነው አለኝ።

ድስት ስታጥብ የነበረችው እናቴ ቀና አለች። "ይቆያል ማለት ነው?"

"እኛ ካለፍንም በኋላ፣ እትዬ።"

ወንድሜን ከዚያ በፊት በነበረው የካቲት ጣሊያኖች ወስደውት አልተመለሰም። ያለቀሰ ይታሰራል ስለተባለ ድንኳን አልተጣለለትም፤ እናቴ ትራስ ነክሳ ነበር ያለቀሰችው።

በማግስቱ፣ በምረቃው ጠዋት፣ እናቴ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ወጣች።

"እማዬ፣ ያዩሻል!"

"ይዩኝ። ልጄ የሚቀመጥ ለቅሶ ይኑረው።"

ተከተልኳት።

አዲሶቹ ቤቶች ገና ኖራ ኖራ ይሸታሉ። ካሜራ የያዘው ጣሊያን እናቴ ፊት ቆመና ነጠላዋን በጣቱ እያሳየ አቶ ወልዴን አንድ ነገር ጠየቀው። አቶ ወልዴ ጥለቱን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ መለሰለት። ጣሊያኑ ደስ ብሎት እጁን እያወናጨፈ አዘዘ።

አቶ ወልዴ ወደኛ ዞረ። "ለትልቅ ደስታ እንዲህ ነው የሚለበሰው ብዬዋለሁ። ሁላችሁም እንደ እትዬ ልበሱ ብሏል።"

ልጇን ያጣች፣ ባሏን ያጣች፣ ሁላችንም ነጠላችንን አዘቀዘቅን። የካሜራው እጀታ መዞር ሲጀምር እልል አልን። የእናቴ እልልታ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር፤ እንባዋም ይወርዳል። ጣሊያኑ ቀረብ ብሎ እንባዋንም አነሳው። ስንመለስ እናቴ አንድ እቅፍ እሸት ገዝታ በገዛ እጇ ለአቶ ወልዴ ሰጠችው።

ይህን ስነግራት ሜሮን እስክሪብቶዋን አውጥታ እቅዱ ጫፍ ላይ መጻፍ ጀመረች። ፊልሙ ዛሬም ሮም ያለ ይመስለኛል፤ ሣጥኑ ላይ "የአዲስ አበባ ሴቶች ደስታ" ተብሎ ተጽፎ ይሆናል።

"ፈልጊው፣ ልጄ" አልኳት። "ለቅሶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላየውም።"