ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ መጻሕፍት

ሥራዬን የጀመርሁት ከምስጥ ጋር በመታገል ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ የሐበሻ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ በገባሁበት ዕለት፣ ርእሰ መምህሩ አቶ ዘለቀ የአንዲት ጠባብ ክፍል ቁልፍ ሰጡኝና፣ መጻሕፍቱ ከምስጥ የተረፉት ብቻ መሆናቸውን ነገሩኝ። መደርደሪያዎቹን ከግድግዳው አራቅሁ፤ እግሮቻቸውንም የተቃጠለ የሞተር ዘይት በያዙ ቆርቆሮዎች ውስጥ አቆምሁ። የላሉትን ጥራዞች ሰም ባስነካሁት ክር መልሼ ሰፋሁ።

ከዚያ በፊት መተማ ላይ መምህር ነበርሁ። ድንበሩን ስለ ምን እንደ ተሻገርሁ ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ መልስ አልሰጠሁም፤ እዚህም አልሰጥም።

የልጆቹ ወላጆች ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። ልጆቹ የሚጫወቱት በዐረብኛ ነው፤ አማርኛ የሚሰሙት በአብዛኛው ሲቆጧቸው ነበር። የእኔ ተግባር በዚያው ቋንቋ ለደስታ ብለው እንዲያነቡ ማድረግ ነበር። ፈተና የማይከተለው ንባብ ለብዙዎቹ ወላጆች ሥራ ፈትነት ይመስላቸው ስለ ነበር፣ ወላጆቹም እንዲያዩት ልጆቹ የተረት መጻሕፍቱን እየተዋሱ ወደ ቤት እንዲወስዱ አደረግሁ።

መጻሕፍቱ እጅግ ንጹሕ ሆነው ይመለሱ ጀመር። አቶ ዘለቀ በዚህ ኮሩ። እኔ ግን ወንበሬ ላይ መቀመጥ አልሆነልኝም። የተነበበ መጽሐፍ ጫፉ ይላላል፣ ሆዱም ይነፋል፤ እነዚህ እንደ ሄዱ ነበር የሚመለሱት። ልጆቹን ስለ ተረቱ ስጠይቃቸው እግር እግራቸውን ያያሉ።

በዚያ መካከል የካርቱም ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች ከተማውን ሞሉት። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ በኒም ዛፎች ጥላ ውስጥ፣ ቤተሰቦች ሰፈሩ። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ደሴ እህል ነጋዴ ናቸው፤ በሰፈራችንም ሽማግሌ ሆነው የሚያስታርቁ እሳቸው ናቸው። መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"መምህር፣ ሰው ውጭ ወድቆ መጽሐፍ ጣራ ሥር ተቀምጧል" አሉ። "ልጆቹ የሚያነቡ ከሆነ ያሳዩኝና ክፍሉን እተውልዎታለሁ።"

የማሳያቸው አልነበረኝም። ልጆቹ የተዋሱትን የሚመልሱበት ቀን እስኪደርስ ጊዜ ሰጡኝ።

በዚያው ከሰዓት ብርቄ የምትባል ተማሪዬን ተከትዬ እናቷ ሻይ ወደምትሸጥበት ዳስ ሄድሁ። መጽሐፉ የት እንዳለ ጠየቅኋት። ልጅቱ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። ከምሰሶው ጫፍ፣ በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሎ፣ ተሰቅሏል።

"እኔ ነኝ የሰቀልሁት፣ የኔታ" አለች እናቷ ወይዘሮ አንጓች። "ከእጇ ስኳር አይጠፋም። መጽሐፍ እኮ ነው፤ እንዲህ ያለ እጅ ይነካዋል?"

ነገሩ ገባኝ። በአገራችን መጽሐፍ በማኅደሩ ሆኖ ከግድግዳ ይሰቀላል፤ የሚያወርደውም እጁን የታጠበ ካህን ነው። እሷም ያወቀችውን ክብር ነበር የሰጠችው። ሌሎች ቤቶችንም አዳረስሁ፤ ያው ነው።

ተመልሼ ወደ ዳሱ መጣሁና መጽሐፉን እንዳወርድ አስፈቀድሁ። ሻይ አዘዝሁ። ብርጭቆው ባረጠበው አውራ ጣቴ ገጹን ገለጥሁ። ወይዘሮ አንጓች ፊቷን አዞረች። መጽሐፉን ለብርቄ ሰጥቼ እንድታነብልን ጠየቅኋት፤ በአህዮች ላይ ዳኛ ሆኖ ስለ ተሾመ ጅብ የሚናገር ተረት ነበር።

"ኡስታዝ፣ ጅብ መርፈዒን ነው አይደል?" አለች ብርቄ፣ በዐረብኛ ስሙ ጠርታው።

"እሱው ነው።"

"አህዮቹ ታዲያ ጀንበር ሳትጠልቅ ያልቃሉ" አለችና እየተንተባተበች ቀጠለች። ጥቂት ቆይቶ አንድ ደንበኛ ሻዩ እንደ ዘገየ አስታወሰ።

"ቆይ እስቲ፣ ጅቡ ሊፈርድ ነው" አለችው ወይዘሮ አንጓች። ውሃው ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አልነበረኝም፤ ከዳስ ዳስ፣ ከግቢ ግቢ መጽሐፍ ሳወርድ ሰነበትሁ። የመመለሻው ቀን ሲደርስ አንዱ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞበት፣ ሌላው ከሰል የነካ ጣት አርፎበት፣ ሌላው ዘይት ጠጥቶ መጣ። አቶ ዘለቀ ደነገጡ።

"ጋሼ፣ ይህን ነው ለኮሚቴው የሚያሳዩት?"

ይህንኑ አሳየሁ። አቶ ደሴ ገጾቹን አገላበጡ፣ አሸተቱ፤ ከዚያ ብርቄን ጠርተው ጅቡ እንዴት እንደ ፈረደ ጠየቋት። ነገረቻቸው። ፍርዱ ልክ አይደለም፣ ምስክር አልተሰማም አሉ።

"ተሰምቷል፣ አባባ። ያላነበበ ሰው ነው እንዲህ የሚል።"

እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ክፍሉ የእኔ መሆኑን ነግረውኝ ለመሄድ ተነሡ። እኔ ግን ያን ሰሞን በየቀኑ ስወጣና ስገባ ያለፍሁት በኒሞቹ ሥር በተኙት ሰዎች አጠገብ ነበር። ልጆቹም ያነበቡት በእናቶቻቸው ዳስ እንጂ በዚያ ክፍል አልነበረም። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

"ክፍሉን ለሰዎቹ ይስጡ" አልኋቸው። "መጻሕፍቱ ቤት አላቸው።"

አሁን በዚያች ክፍል አንድ ቤተሰብ ይኖራል፤ በመደርደሪያው ላይ ሳህንና ድስት ተደርድሯል፤ እግሮቹ ዛሬም ዘይት ውስጥ ናቸው። እኔ መጻሕፍቱን በኬሻ ተሸክሜ ከቤት ቤት አዘዋውራለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፤ መቀመጥ ግን አልችልም።

በዚህ ሙያ ለምትሰማሩ የምነግራችሁ ይህን ነው። መጽሐፍ ንጹሕ ሆኖ ሲመለስላችሁ ልጁን አታመስግኑት፤ ቤቱ ሂዱና የት ተቀምጦ እንደ ነበር እዩ።