ምንም የማይሠራው ማጣሪያ

እህቴን የሚያውቋት ሁሉ «ክብሪት» ይሏታል። ስንቴ እንደለበለበችኝ የማውቀው እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ። ለድምፅ መሣሪያዎች ፕሮግራም ትጽፋለች። ያን ቀን ግን የተቆጣችው እውነቷን ነበር፤ እኔንም እስካሁን ያንገበግበኛል።

አባታችን ሠላሳ ሰባት ዓመት አስተምሮ ጡረታ ሊወጣ ነበር። ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ድምፁ ከሹክሹክታ አያልፍም። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ደግሞ ማይክሮፎኑን ከፍ ባደረጉት ቁጥር ከማጉያው የወጣው ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ ይመለሳል፣ እንደገና ይጎላል፣ ከዚያ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። «የስንብት ንግግሬን ማን ሊሰማው ነው?» አለን አንድ ቀን። እህቴ ለዚህ ብላ ሁለት ወር ሠራች።

ዘዴው እንዲህ ነው። ድምፁ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ማጣሪያ ያልፋል። ማጣሪያዎቹ አያጎሉም፣ አይቀንሱም፤ ሞገዱን ማዘግየት ብቻ። ግን አንደኛው ከሌላኛው ሁልጊዜ በሩብ ዙር ወደኋላ ይቀራል። ሁለቱን አጣምሮ የድምፁን ቅጥነት በአምስት ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ በአምስት ንዝረት፣ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ጆሮ አይለየውም፤ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ግን ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምምና ጩኸቱ አይነሳም። አዳራሹ ውስጥ ሞከርነው፤ ሠራ።

መሣሪያው የመሥሪያ ቤቷ ነው። በዋዜማው አለቃዋ «እስቲ ልየው» ብሎ ወሰደው። የመጀመሪያውን ማጣሪያ ለብቻው አዳመጠ፤ ቢኖርም ባይኖርም ያው ሆነበት። ያው ነው እንጂ! ለብቻው ሲሰማ ያው እንዲሆን ነው የተሠራው። ሰውዬው ግን «ምንም የማይሠራ ነገር ማሽን ያዘገያል» ብሎ ከፕሮግራሙ አወጣውና ለማንም ሳይተነፍስ መሣሪያውን መለሰ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

በማግስቱ አባቴ ወረቀቱን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። «የተከበራችሁ» ከማለቱ ድምፁ ተርገበገበ፤ ወዲያው አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ሰው ጆሮውን ያዘ። አባቴ ማይክሮፎኑን አጠፋና ሦስት ገጽ በሹክሹክታ አነበበ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አንድ ቃል አልሰማሁም። ሲጨርስ ሰዉ አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ አንጀቴን አሳረረው።

ሮጬ እህቴ ጋ ስደርስ ከኋላ ኮምፒውተሯን ከፍታ የጎደለውን አየች። መሣሪያው ሲሠራ ሊያይ የመጣው አለቃዋ አጠገቧ ነበር።

«ማን ንካው አለህ?» አለችው። አንቱ ማለት ቀረ።

«አዳመጥኩት እኮ። ምንም ልዩነት...»

«ልዩነቱ ከጓደኛው ጋር ነው! አንዱን አውጥተህ ሌላው ከማን ይዘግይ?»

ማጣሪያውን ወደ ቦታው መለሰችው። ሰው ወንበር እያንኳኳ መነሳት ጀምሯል።

«ተቀመጡ!» ስትል ማይክሮፎን አላስፈለጋትም።

አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከትቷል። «ልጄ፣ ጨርሻለሁ እኮ» ማለቱን ከከንፈሩ ገመትኩ።

«እኛ ገና አልጀመርንም፣ አባዬ! ማይኩን አብራና ከመጀመሪያው አንብብ።»

አበራው። «የተከበራችሁ» አለ፤ ሹክሹክታው እስከ መጨረሻው ረድፍ ጥርት ብሎ ደረሰ። አለቃዋ ለማጨብጨብ እጁን ሲያነሳ ክንዱን ያዘችው።

«ዝም ብለህ ስማ» አለችው።