የአውራ ጣት ልክ

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ልክነው» ይለዋል። እናታችን ያወጣችለት ስም አይደለም፤ አፉ ያወጣለት ነው። ደጋን ሠርቶ፣ አውታሩን ወጥሮ፣ በጡጫው ከለካ በኋላ «ልክ ነው» ይላል። ሾርባው ጨው አንሶት እንደሆነ ስጠይቀውም «ልክ ነው» ይላል። ሚስቱ ጥላው ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ «ጥፋቱ የኔ ነው እያልክ ነው?» ብትለው ያንኑ መለሰላት ይባላል። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ ብኖር አፉን በእጄ እከድንለት ነበር።

የምንኖረውም የምንሠራውም አባታችን በተወልን ቤት ነው። መንገድ ዳር ያለችው ክፍል መሥሪያችን ናት። መስኮቱ ሥር የሱ ጠረጴዛ አለ፣ ከጓሮው በር አጠገብ የኔ በርጩማ። እሱ እንጨቱን ይጠርባል፣ ያጎብጣል፤ እኔ ክር እያከረርኩና ሰም እያሸሁ አውታር እሠራለሁ። ደንበኞቻችን ከድሮው መጋዘን ጀርባ ባለው ሜዳ ዒላማ የሚመቱት የክለቡ ቀስተኞች ናቸው። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አሰልጣኛቸውም ሴት ናት፤ ፊሽካዋን ስትነፋ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።

የደጋን ነገር የማያውቅ ሰው እንጨቱ ዋና ይመስለዋል። እንጨቱን አልናቅሁም፤ ግን ዋናው ክፍተቱ ነው። የተወጠረው አውታር ከመያዣው ምን ያህል ይርቃል? እኛ ቤት ይህን ክፍተት «ሆዱ» እንለዋለን። ሆዱ ከጠበበ፣ አውታሩ ቀስቱን ሲለቅ የተኳሿን ክንድ ይገርፋል፣ ሰንበር ያወጣል። ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ እንጨቱ ይጨነቃል፣ ቀስቱም ጉልበት ያጣል። ደጋንም እንደ ሰው ሆደ ባሻም ሆደ ሰፊም አለው፤ መካከለኛውን ማግኘት ነው ሥራው።

አዲስ አውታር ደግሞ ይረግባል፤ ክር ነውና ምን ይደረግ። ስለዚህ ወጥረነው እናሳድራለን፣ ጥቂት ቀስት እንተኩስበታለን፣ ከዚያ ፈትተን እንደገና እናከርረዋለን። ሲከርር ያጥራል፣ ሲያጥር ሆዱ ይሰፋል። ይህም መጠን አለው፤ ሲከር ይበጠሳል የሚባለው ለነገር ብቻ አይደለም። የመጨረሻው ፍርድ ግን የጋሼ ጡጫ ነው። ጡጫውን መያዣው ላይ ያሳርፍና አውራ ጣቱን ወደ አውታሩ ይቀስራል። የጣቱ ጫፍ አውታሩን ከነካ አለቀ። አባታችንም የሚለካው እንዲሁ ነበር። ማስመሪያ በቤታችን የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ ጀርባችንን እናክበታለን።

ታዲያ በቅርቡ ሴቶቹ ክንዳቸው ሰንበር እያወጣ ይመጡ ጀመር። አንዷ መጣች፣ ሌላዋ ተከተለች። ጋሼ ደጋኑን ተቀብሎ ለካ።

«ልክ ነው» አለ። ግራ ተጋብቶ ደግሞ ለካ። «እዚህ ልክ ነው። ሜዳ ሲደርስ ነው የሚረግበው።»

«መንገድ ላይ ምን አግኝቶት ይረግባል?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ክሩ ያንቺ ነው።»

ይህን ለኔ ብቻ ብሎኝ ቢሆን እውጠው ነበር። እሱ ግን አሰልጣኟ ስትመጣ፣ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት፣ «የእህቴ ክር እንደ ድሮው አይደለም፤ እጇ ደክሟል። የፋብሪካ ክር አዝዣለሁ፤ እሱ አይረግብም» አላት። እኔ በርጩማዬ ላይ ነበርኩ፤ እንደ ዕቃ አለፈኝ። በማግስቱ ባለሱቁ ሳሙና እያቀበለኝ «እትዬ፣ ክርሽ ይረግባል አሉ?» አለኝ። ሳሙናውን ጥዬለት መጣሁ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ በዚህ ዓለም ሰው የሚያውቀኝ በክሬ ነው። የፋብሪካው ከገባ እኔ ምን ልባል ነው?

ስለዚህ ክሬን መመርመር ያዝኩ። አንዱን አውታር ምስማር ላይ ሰቅዬ፣ ድንጋይ አንጠልጥዬበት፣ ጫፉ የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አደረግሁ። አልተነቃነቀም። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ በውሃ ነከርኩት፣ ሰሙን አበዛሁ፣ ሰሙን ቀነስኩ። ክሩ ደህና ነው፤ ሴቶቹ ግን ሰንበራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጋሼም ይለካና «ልክ ነው» ይላል። ሦስታችንም እውነት እየተናገርን ነገሩ አልገጥም አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኛ ግን እያደር ደፈረሰ። ዓይኔን ጠረጠርኩ። ሙቀቱን ጠረጠርኩ። አንድ ቀንማ የሴቶቹ ክንድ ወፍሮ እንደሆነ ብዬ አንዷን ትክ ብዬ ሳያት «ምነው እትዬ?» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች።

የፋብሪካው ክር መጣ። ነጭ ነው፣ ያዳልጣል፣ ሽታ እንኳ የለውም። ጋሼ ራሱ አውታር አድርጎ አንድ ደጋን ላይ ወጠረው፣ ለካው፣ «ልክ ነው» ብሎ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ።

ተነስቼ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ቅናት ነው ያስነሳኝ። በቤታችን መለካት የሱ ነው፤ እኔ ከልጅነቴ ወዲህ ጡጫዬን ደጋን ላይ አሳርፌ አላውቅም። አሳረፍኩና አውራ ጣቴን ቀሰርኩ። ጣቴ አውታሩን አልፎ ወጣ፤ ሆዱ ጠብቧል ማለት ነው።

ገረመኝ። የማይረግበው ክር ከመቼው ረገበ? ደግሞስ የኔ እጅ ከሱ እጅ ያንሳል። ትናንሽ ሳለን አባታችን ጡጫችንን ጎን ለጎን አስቀምጦ የኔን አይቶ ስቆብኝ ነበር።

«ጋሼ፣ እስቲ ና እንደገና ለካው» ብዬ ተጣራሁ።

«ለካሁት እኮ። ልክ ነው።»

«ለኔ ስትል።»

እጁን በሱሪው እያደራረቀ መጣና ለካ። ጣቱ አውታሩን ነክቶ ቆመ። ጡጫዬን ከጡጫው ሥር አስገባሁ። የሱ ጡጫ የኔን ሁለት ያህላል፤ ያለፈው ጣት ግን የኔ ነው።

«እጅሽ አድጓል» አለኝ። አልሳቀም።

ሞኝ ነኝ፣ ለቅጽበት አመንኩት። በዚህ ዕድሜዬ እጄ እንዴት እንዳደገ እያሰብኩ ሳለሁ ነው ጣቱን ያየሁት። መሃል ላይ መገጣጠሚያው አብጧል፣ ከዚያ ወዲያ እንደ መንጠቆ ተቆልምሟል።

«ጣትህን ቀጥ አድርግ።»

«ቀጥ ያለ ነው።»

«ጋሼ፣ ቀጥ አድርገው!»

«ይኸው ቀጥ አልኩሽ!» ግንባሩ በላብ ወረዛ፤ ጣቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ዓይኑ እያየው ነው፤ የሚያየው ግን የድሮውን ነው መሰለኝ። ግራ ሲገባው ግራ እጁን አመጣና ለካ። የግራው አውራ ጣት አውታሩን አልፎ፣ የኔንም ጣት አልፎ ሄደ። ሁለቱን እጆቹን ፊቱ ላይ ዘርግቶ አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያን እያየ ቆየ።

«የቱ ነው የኔ?» አለኝ።

ስንት ቀን በሆዴ ያከማቸሁት ንግግር ነበረኝ። ልኩን ላገባለት ነበር። «ታዲያ ክሬ ምን በደለህ?» ብዬ ጮህኩበት፤ የቀረውን ተውኩት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ ይሄ ሰውዬ ግን አህያውን ጭራሽ አላየውም። በሱ መናደድና ለሱ ማዘን አንድ ላይ መጡብኝ፤ የትኛውን እንደማስቀድም አላወቅሁም። እሱ ደጋኑን በግራ እጁ አንስቶ ኮቱን ሳይለብስ ወጣ። ተከተልኩት።

ሜዳው ላይ ሴቶቹ ተሰልፈዋል። አሰልጣኟ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከዒላማዎቹ አጠገብ አየችን።

«ጋሽ ልክነው!» ብላ ጮኸች። «የፋብሪካው እንዴት ነው? ከእትዬ ይሻላል?»

ወንድሜ ንግግር አይሆንለትም። ማሳየቱ የበቃ መሰለው። ቀኝ እጁን ጨብጦ፣ ያን የተቆለመመ አውራ ጣት አውጥቶ፣ ሁሉም እንዲያየው ከራሱ በላይ ከፍ አደረገው።

ሴቶቹ እልል አሉ። ሁሉም እየሳቁ አውራ ጣታቸውን ቀስረው መለሱለት። «በቃ፣ ይሻላል ብሏል! የፋብሪካው ይሁን!» አለች አሰልጣኟ።

ጋሼ ወደኔ ዞረ፣ እጁ እንደተሰቀለ ነው። «ምን አሉ?»

«ጥሩ ነው አልክ አሉ።»

«አይደለም» አለ። ድምፁ ከኔ አላለፈም። ከዚያ ጮኸ፤ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «አይደለም! ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም! ጣቴ ነው! ከዚህ በላይ አልዘረጋ ብሎኛል! የእህቴ ክር ደህና ነበር፣ አሳስቼ የለካሁት እኔ ነኝ!»

የሴቶቹ ጣት አንድ በአንድ ወረደ። አንዷ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። አሰልጣኟ ፊሽካዋን በጥርሷ እንደያዘች ቀረች። የሱ እጅ ብቻ ከላይ ቀረ፤ ካሳየ በኋላ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። ክሬ ነጻ ወጥቷል፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ጠጋ ብዬ እጁን በሁለት እጄ ይዤ አወረድኩለት። መገጣጠሚያው ትኩሳት እንዳለበት ሕፃን ግንባር ይፋጃል።

«ያምሃል እንዴ?» አልኩት።

«ካመመኝ ከርሟል» አለኝ።

እዚያው ሜዳው ላይ፣ ሴቶቹ እያዩኝ፣ አለቀስኩ።