እትዬ ትርሲትን ያንጨረጨራት ስፓኒሽ

እራት እየበላን ነው... እትዬ ትርሲት በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናገረችና ወደ እኔ አይታ ሳቀች። ካለችው ሁሉ የያዝኩት አንድ ቃል ነው፤ «ቲኬት»።

ነገሩ የሆነው ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ነው፤ በፈረንጆቹ 2021። እህቴ ሰናይት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል ላርሳት ለአራት ወር ሄጄ ነበር። እትዬ ትርሲት የባሏ የዳንኤል እህት ናት፤ አብራቸው ነው የምትኖረው። የምትበልጠኝ በሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ግን «እትዬ በይኝ» ያለችኝ ራሷ ናት። እሺ አልኳት።

የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አለኝ። የአሜሪካኖቹ ፍጥነት ግን... ይቅርብኝ። እትዬ ትርሲት ይህን ካወቀች በኋላ እኔን ማማት ሲያምራት ፊቴ ቁጭ ብላ በእንግሊዝኛ ታስነካዋለች። ዳንኤል ያፍርና ሳህኑን ያያል። እህቴ መኝታ ቤት ስለሆነች አትሰማም። እኔ እንጀራዬን እየቆረስኩ ቂሜን እይዛለሁ። ቂም ላይ ጎበዝ ነኝ።

ያጣላንን ልንገራችሁ። ሰናይት ገና ነፍሰ ጡር ሳለች «ልጄን ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ» ብላኝ ነበር። እትዬ ትርሲት ደግሞ «እኔ እዚሁ እያለሁ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ለምን ያነሳል» ባይ ናት። እኔ ያንን ሁሉ ባሕር የተሻገርኩት ለዚያች ቀን ነው። ለማንም የምለቀው ነገር አልነበረም።

ከእኛ ፊት ለፊት ያለው አፓርታማ ውስጥ ዶኛ ኤልቪያ የምትባል ሴት ነበረች። ልክ እንደኔ የወለደች ልጇን ልትንከባከብ ከሆንዱራስ የመጣች። መጀመሪያ ያየችኝ ቀን ሕፃኗን ታቅፌ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። ምንም ሳትል መጣችና የብርድ ልብሱን ጠበቅ አድርጋ የሕፃኗን ጆሮ ሸፈነች። እዚያ አገር ሁሉም «ይሞቃታል፣ ግለጪላት» ነው የሚለኝ... ሰው አገኘሁ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ወይ እኔ እሷ ማድ ቤት ነኝ፣ ወይ እሷ እኛ ማድ ቤት ናት። አራስ ቀዝቃዛ ውሃ እንደማትጠጣ ታውቃለች። ነፋስ እንደማይነካትም ታውቃለች። እሷ የበቆሎ አጥሚት ትሠራለች፣ እኔ ገንፎ አገነፋለሁ። እንግሊዝኛ እሷም አትችልም፤ ያገኘችውን እያነሳች በስፓኒሽ ስሙን ትጠራልኛለች። ሽንኩርቱ ሴቦያ፣ ድንቹ ፓፓ፣ ጨው ሳል። ስሳሳት በማንኪያ እጄን ቸብ ታደርገኛለች። ሁለት ወር ሳይሞላኝ አማቿን ስታማልኝ ገብቶኝ አብሬ አማሁት።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ትርሲት ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች፣ እኔና ዶኛ ኤልቪያ ሽንኩርት እንልጣለን። ሐሳቡ ድንገት መጣልኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በዓይኔ ጥግ ወደ ሶፋው እያየሁ «ሴቦያ» አልኳት።

ዶኛ ኤልቪያ ግራ ገባት። ሶፋውን አየች፣ እኔን አየች። የእሷም ልጅ የባል እህት አላት መሰለኝ ወዲያው ገባት። አፏን በእጇ ሸፍና፣ እንዳዘነ ሰው ሆና «ፓፓ» አለችኝ። እኔ «ሳል...» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቃችንን ለቀቅነው።

እትዬ ትርሲት ስልኳን አስቀመጠች።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?»

«ምንም እትዬ፤ ስለ ወጥ እያወራን ነው።»

እውነቴን እኮ ነው። አላመነችኝም። በቀል ደስ አይልም የሚላችሁ ሰው ካለ ቀምሶት አያውቅም ማለት ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ስትገባ ሽንኩርት፣ ስትወጣ ድንች ሆነ። መጨረሻ ላይ ለወንድሟ ከሰሰችኝ። «ሰው ፊት በማያውቀው ቋንቋ ማውራት ነውር አይደለም እንዴ?» አለችው።

ዳንኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ከሳህኑ ቀና ብሎ አያት። «ነውር ነው» አላት።

እሑድ ከሰዓት ዶኛ ኤልቪያ አጥሚቷን ይዛ መጣች። ሁላችንም ቤት ነን። እንደ ልማዳችን ጀመርን... በሽንኩርቱና በጨው መሃል ግን አንድ ቃል ጨመርኩበት። «ትርሲት።»

ከሶፋው ብድግ አለች።

«ስለ ቲኬቱ ነው አይደል የምትነግሪያት? አዎ፣ ቼንጅ አድርጌዋለሁ። ነገ ልነግርሽ ነበር። አንድ ወር ቀደም ብለሽ ብትሄጂ ምን ትሆኛለሽ?»

እኔ ያን ቀን እራት ላይ «ቲኬት» የምትለዋን ቃል ከመስማቴ በቀር ስለዚህ ነገር የማውቀው አልነበረም። ቲኬቴን ኦንላይን የቆረጠችልኝ እሷ ነበረች፤ ነካክታዋለች ብዬ አስቤም አላውቅ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሰናይት ሕፃኗን እንዳቀፈች ቆማለች።

«ከክርስትናዋ በፊት ነው የምትሸኚብኝ?»

«እኔም አክስቷ ነኝ» አለች እትዬ ትርሲት። ድምጿ ተንቀጠቀጠ።

አላዘንኩላትም። ዛሬም አላዝንላትም።

ዳንኤል «አሁኑኑ ኮል አድርጊና አስመልሺው» አላት። ሁላችንም እየሰማን ደወለች። ዶኛ ኤልቪያ ምን እንደተፈጠረ ባይገባትም ወንበር ስባ ተቀመጠችና አጥሚቱን ቀዳችልኝ።

ልጅቷን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቪዲዮ የቀረጸችው እትዬ ትርሲት ናት፤ እሷ ትቅረጽ ያልኩትም እኔ ነኝ። «ትንሽ ጠጋ በይ እትዬ፣ ፊቴ በደንብ ይታይ» እያልኩ።

ባለፈው መልእክት ላከችልኝ። «ያኔ ግን ስለኔ ምን ስትሉ ነበር?» ትላለች። አልመለስኩላትም። ይህን ፔጅ በሌላ ስም ገብታ እንደምታነበው ግን አውቃለሁ።

እትዬ... እኛ ስምሽን የጠራነው አንዴ ብቻ ነው፤ የቀረውን በሙሉ የተናገርሽው አንቺ ነሽ።