የተላጨ ራስ

በዚያ ሰሞን ባሕር ዳር ውስጥ ጸጉራቸውን ተላጭተው ሺሻ የሚያጨሱ ሴቶች ቡድን አለ ይባል ነበር። ለዘገባ ብዬ ስጠይቅ ሰነበትሁ። ሁሉም ሰምቷል፤ በዓይኔ አየሁ የሚል ግን አላገኘሁም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ከአሣ ጥብስ ቤት ስወጣ ጩኸት ሰማሁ። ሁለት ጎልማሶችና አንድ ሽማግሌ አንዲት የኮሌጅ ተማሪን ከባጃጅ ጎትተው አውርደዋታል። ሻሿ ወልቆ የተላጨ ራሷ ታየ።

«ይቻትና አንዷ!» አለ አንደኛው ጎልማሳ በጥፊ እያላጋት። «ወንድ መሆን አማረሽ? ሱሪውስ አልበቃሽም?»

ሽማግሌው በከዘራቸው መጀመሪያ ትከሻዋን፣ ቀጥለው አፏን መቷት። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ በአገጯ ወረደ። ሦስተኛውን ሲሰነዝሩ ከዘራውን ያዝሁባቸው።

«አባቴ፣ በቃዎት! ይገድሏታል!»

«እናቴን ቀብሬ ነው የመጣሁ» አለች ልጅቱ ደም እየተፋች። «ሐሙስ፣ ዱርቤቴ ከተማ። ነገ ፈተና ስላለብኝ ነው እንጂ ከሐዘን ቤት አልወጣም ነበር።»

ሽማግሌው ራሷን ትኩር ብለው አዩ። በአገራቸው እናቷ የሞተባት ሴት ጸጉሯን ትላጫለች፤ የገዛ ልጆቻቸውም ለእናታቸው እንዲሁ እንደተላጩ በኋላ ነግረውኛል። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉ።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣችና ግንባራቸውን ፈነከተቻቸው።

ፖሊስ መጥቶ የያዘው እሷን ነው። እኔም ያየሁትን ለመመስከር ጣቢያ ድረስ ተከትያት ሄድሁ።